በእንባ እማጸናለሁ

ፍርድ ቤቱ ሁለት በር አለው። አንደኛው ባለጉዳይ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ዘበኛ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሽበት የፊት በር ነው። ሁለተኛው ከኋላ ነው፤ እዚያ መስኮቷ በሽቦ የታጠረ መኪና ቆማ ትጠብቃለች። ጋሽ ማመልከቻ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው የፊት በሩ ላይ ነው። የኋላውን በር አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አላየውም። ይህን ያዙልኝ፤ የሰውየው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን ከመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እስከ ዘበኛው ድረስ ጋሽ ማመልከቻ ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ወዶታል። ንብረቱ ቀለሙ የለቀቀ ትልቅ ጃንጥላ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ለራሱ ወንበር፣ ለባለጉዳይ በርጩማ፣ እንዲሁም አንዷ ፊደሏ በመታች ቁጥር ወረቀት የምትበሳ የጽሕፈት መኪና ነው። ማዶ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ካስገባ ዓመታት ቢያልፉም የእሱ ወረፋ አልቀነሰም። ሰው የሚመጣው ለጽሕፈቱ አይደለማ! የሚመጣው ለእንባው ነው።

እንባው ማለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ገና ወጣት ሳለ፣ ሰክሮ ጎረቤቱን የደበደበ ሰው ማመልከቻ አጻፈው። ሰውየው ጥፋቱን አይክድም። ጋሽ ማመልከቻ መጨረሻው ላይ እንዲህ ብሎ ጨመረለት፦ «ይህም በእኔ ጥፋት የተፈጸመ በመሆኑ ከልብ ተጸጽቼ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት በአባታዊ ርኅራኄው እንዲመለከተኝ በእንባ እማጸናለሁ።» የዚያን ጊዜው አዛውንት ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን የጻፈው ሰው ልብ አለው» አሉ ተባለ። ደብዳቢውም በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ይህች ዓረፍተ ነገር ያልገባችበት የወንጀል ማመልከቻ ከዚያች የጽሕፈት መኪና ወጥቶ አያውቅም። የሰረቀውም፣ ያልሰረቀውም፣ ዋስትና የሚጠይቀውም፣ ቀጠሮ ይራዘምልኝ የሚለውም በእንባ ይማጸናል። ባለጉዳዩ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ የሆነውን ሲያወራ ጋሽ ማመልከቻ «እሺ፣ እሺ» ይላል እንጂ አይሰማም። ጣቶቹ መንገዱን ያውቁታል።

አልፎ አልፎ ደፋር አይጠፋም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላጠፋሁም።»

«ማን አጠፋህ አለህ? ይቺ እንዲያው የአነጋገር ወግ ናት። ዳኛ ፊት ደረትህን ነፍተህ ልትቆም ነው እንዴ?»

ሰውየውም ከፍሎ ወረቀቱን ይወስዳል። በጭንቅ ቀን ከጸሐፊ ጋር ማን ይከራከራል?

የዓረፍተ ነገሯ ምስክሮች ደግሞ በየቀኑ ነበሩ። የተፈታ ሰው በፊት በር ይወጣል፤ ዘመዶቹ ይከቡታል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጃንጥላው መጥተው «ጋሽ ማመልከቻ፣ እጅዎ ይባረክ!» ይላሉ። ያልተፈታው በኋላ በር ይወጣና ለማንም ምንም አይልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከተፈቱት ጋር ብቻ የኖረ ሰው «የእኔ እንባ ሰው አሳስራ አታውቅም» ብሎ ቢምል ምን ይገርማል? ይምል ነበር፣ ከልቡ ነበር የሚምለው።

ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያገኛት ሰው የፍርድ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። የበሩን ፊት ለፊት እየጠረገች ትመጣና ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» ትለዋለች። እሱም «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አላነሳም!» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱንም እግሮቹን እንደ ሕፃን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ እሷም ትስቃለች። የዛሬ አራት ዓመት የመጋዘን ጥበቃ የነበረው ልጇ በስርቆት ሲከሰስ ማመልከቻውን የጻፈለት እሱ ነው፤ «ካንቺማ ገንዘብ አልቀበልም» ብሎ በነጻ ነው የጻፈው። ልጁ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። በገዛ ቃሉ አምኗል ተብሎ ሲወራ ጋሽ ማመልከቻ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ «ካመነማ ምን ይደረጋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ሳቋ ቀነሰ። እሱ ግን ቀልዱን አላቋረጠም።

ጠበቃ የሚባል ነገር አይወድም ነበር። «ጠበቃ ማለት እኔ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው» ይላል ለባለጉዳዮቹ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየችውን ጠበቃ በተለይ ዐይኗን ማየት አይፈልግም። ሴትዮዋ መስኮቷን ከፍታ ወደ ጃንጥላው ቁልቁል የምታይበት አስተያየት ያናድደዋል።

ጉዱ የመጣው በአንድ የቤት ሽያጭ ውል ነው። ሽክ ያለ ሻጭና የተቻኮለ ገዢ መጡ። ውሉን ጻፈላቸው። አንድ ምስክር ጎደለ። በዚያ በር ላይ ምስክር ሲጎድል ጋሽ ማመልከቻ ይፈርማል፤ የተለመደ ነው፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ፈርሟል። «ሻጩን በሚገባ የማውቀው መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር ስሙን አሳርፎ ሻጩን ስሙን እንኳ ሳይዝ ሸኘው። ከሁለት ወር በኋላ እውነተኛው የቤቱ ባለቤት ከሆስፒታል ሲወጣ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ፣ ሳሎኑ ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች ቁጭ ብለው አገኘ። ሽክ ያለው ሰውዬ ድራሹ ጠፍቷል። ከዚያ ወረቀት ላይ ካሉት ስሞች አድራሻው የሚታወቅ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ አድራሻውም የፍርድ ቤቱ በር ነው። ፖሊሶቹ ብዙ መንገድ አልሄዱም።

ክሱ በሐሰተኛ ሰነድ ማታለል ላይ ተካፋይ መሆን የሚል ነው። አምስት ዓመት ሊያስፈርድ ይችላል። እሱ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነርስ ከሆነች ልጁ ጋር ነው የሚኖረው። አምስት ዓመት ለእሱ ዕድሜ ልክ ማለት ነበር፣ ልጁም ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«አባዬ፣ ጠበቃ እስኪመጣ ምንም እንዳትናገር» አለችው ጣቢያው በር ላይ፣ ገና ሲያስገቡት።

«ለእኔ ነው ጠበቃ የሚናገርልኝ?» አላት።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ያውቀዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበለትና «መቼም ለእርስዎ ቃል አልጽፍልዎትም፤ እርስዎ ከእኛ የተሻለ ይጽፋሉ» አለው። ሙገሳው ደስ አሰኘው። በእጅ ጽሑፍ ሦስት ገጽ ጻፈ፤ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። ሰውየውን እንደማያውቀው፣ በልማድ እንደፈረመ፣ ሳንቲም እንዳልተካፈለ አንድ በአንድ አስረዳ። ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ፦ ይህም በእኔ ጥፋት የተፈጸመ በመሆኑ ከልብ ተጸጽቼ... መርማሪው አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ በጣም በትሕትና «እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ» አለው።

በዋስ ወጣ። ልጁ በማግስቱ እጁን ይዛ ጠበቃ ፍለጋ አዞረችው።

መጀመሪያ የሄዱት ስሙ የገነነ፣ ከረቫቱ ከጫማው የሚያበራ ጠበቃ ዘንድ ነው። የቆዳ ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው።

«አይስጉ፣ አባቴ። ዳኛውን እንደ ወንድሜ ነው የማውቀው። ይህን ጉዳይ ጥርሴን ሳልፍቅ ነው የምጨርሰው።»

«መዝገቡን አይተውታል?» አለች ነርሷ።

«ለዚህማ መዝገብ ማየት አያስፈልግም።»

ልጅቱ ተነሣች። ጋሽ ማመልከቻ ደረጃው ላይ ተቆጣ፤ «እንዲህ ያለ ሙሉ ሰው ትተሽ የት ልትወስጂኝ ነው?» አላት። «መርፌ ልወጋ ስል እንኳ ካርድ አያለሁ» አለችው። ጎትታም ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ወደ አንደኛው ፎቅ አወጣችው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ያፈረበት ደረጃ የለም።

የጠበቃዋ ቢሮ ውስጥ አንድ መደርደሪያ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ወንበሮችና አንድ መስኮት ነው ያለው። በመስኮቱ ጃንጥላው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴትዮዋ አርባዎቹ ውስጥ ናት፤ መነጽሯ አንድ ጎኑ በፕላስተር ተይዟል። ክሱን እስከ መጨረሻው አነበበችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ለመርማሪው ቃልዎን የሰጡት በአፍ ነው በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ ነዋ! ሦስት ገጽ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አደራዎን፣ እንባዋን አላስገባኋትም በሉኝ።»

ዐይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ነርሷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ጠበቃዋን አየች። «የምን እንባ?» አለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ መስኮት ላይ ሆኜ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስታገላት ነው የኖርኩት» አለች ጠበቃዋ። «ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ከአባትሽ በርጩማ ከተነሣ በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ አንዳንዴ ምንም ማስረጃ የለውም። ተነሥቶ ያቺን ያነባል፣ ይቀመጣል። ‹በእኔ ጥፋት የተፈጸመ› ይላል፤ ሥሩ ላይ የተከሳሹ ፊርማ አለ። እኔ ‹እንዲህ ማለቱ አይደለም› ብዬ እጮኻለሁ። ማን ይሰማኛል?»

ጋሽ ማመልከቻ ክው አለ። «እና... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ። አንዴ ‹ገበያዬን ልትዘጊ ነው› አሉኝ። ሌላ ጊዜ ዘበኛው ፊት ‹ይቺ ልጅ ባል ቢኖራት ሰው አታስቸግርም ነበር› አሉኝ።»

ሁለተኛውን አስታወሰው። ምን ብላው እንደነበር ግን ጭራሽ አያስታውስም፤ ዘበኛው እንዴት እንደሳቀ ብቻ ነው ትዝ ያለው። ያን ጊዜ በገዛ ራሱ አፈረ፤ አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ማየት ጀመረ። ልጁ ናት የውክልናውን ወረቀት ስባ ያቀረበችለት። ሳያነብ ሊፈርም ሲል ጠበቃዋ ወረቀቱን ያዝ አድርጋ «ያንብቡት፣ ከዚያ ይፈርሙ» አለችው።

ጠበቃዋ አንድ መንገድ ብቻ ነው የታያት። ያቺ ዓረፍተ ነገር የሰውየው እምነት ሳትሆን የእጁ ልማድ መሆኗን ማሳየት። ለዚያ ደግሞ ማስረጃው ቤቱ ውስጥ ነበር። ጋሽ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሁሉ በካርቦን ሦስት ቅጂ ነው የሚያወጣው፤ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለባለጉዳይ፣ አንዱ ለእሱ። የእሱ ድርሻ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር እስከ ጣሪያው በካርቶን ተደርድሯል። እንደ ርስት ነበር የሚያያቸው። ሁለቱ ሴቶች ሦስት ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ተቀምጠው አቧራ እየዋጡ ለቀሙ። ካለፈው አምስት ዓመት የወንጀል ጉዳይ ብቻ እንደ መጣ እየመዘዙ ስድሳ አራት ወረቀት አወጡ። ስድሳ አራቱም በእንባ ይማጸናሉ።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ከእነዚህ ሰዎች ስንቶቹ ወጡ?»

«ይህን አይጠይቁኝ፣ ጋሼ። ለእኛ ጉዳይ አያስፈልገንም።»

«እኔ ጋ ተመልሰው የመጡት በሙሉ ወጥተዋል።»

«ያልመጡትስ?» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማመልከቻ ጠረጴዛውን ለዘበኛው አደራ ብሎ ተነሣ። የግቢውን አጥር ተከትሎ፣ ቆሻሻ ከሚጣልበት ጥግ ታጥፎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላው በር ሄደ። ግድግዳው ጥግ ያረጀች እናትና አንዲት ነፍሰ ጡር ቆመዋል። በሩ ተከፈተ። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በካቴና ተያይዘው ወጡ። አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ጀምሮ አሥራ አራት ላይ ተወው፤ አምስቱን አውቋቸዋል። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ከሽቦው ውስጥ አንዱ እሱን አየውና ፊቱ በራ።

«ጋሽ ማመልከቻ!» ብሎ ጮኸ። «ይግባኙንም እርስዎ ይጽፉልኛል፣ እሺ?»

ጋሽ ማመልከቻ እጁን አነሣ። እሺ ማለቱ ይሁን አይሁን ራሱም አያውቅም። መኪናዋ ከዐይኑ እስክትጠፋ አጥሩን ተደግፎ ቆየ።

የችሎቱ ቀን ከመድረሱ በፊት ጠበቃዋ ጠራችው። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ወረቀቶቹን ማቅረብ ብቻ አይበቃም። ተጠይቀው በራስዎ አፍ መመለስ አለብዎት። ሲመልሱ ደግሞ ስለ ራስዎ ብቻ አይደለም የሚመልሱት፤ ስለ ስድሳ አራቱም ነው። ከዚያ በኋላ ያ ጃንጥላ ሥር መቀመጥ ይከብድዎት ይሆናል።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም። ዋሽተው አይድኑም፤ እኔም ዋሽቼ አላድንዎትም።»

 በማግስቱ ጠዋት ለልጁ «እናገራለሁ» አላት፤ እሷም አቅፋው አለቀሰች። የሚናገረው ለእውነት ብሎ እንዳይመስላችሁ። አምስት ዓመቱን ፈርቶ ነው።

የችሎት አዳራሽ ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን አያውቅም ነበር። ለሠላሳ አንድ ዓመት «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብሎ የጻፈለት ክፍል ወንበሩ የተላጠ፣ አንዱ መብራቱ የሚርገበገብ ሆኖ አገኘው። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣና የእሱን ቃል ማንበብ ጀመረ። መካከሉን ዘለለው፤ ሁለት ገጽ ተኩል ጥረት በአንድ እጅ ገለጣ አለፈ። መጨረሻዋን ግን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበባት። «በእኔ ጥፋት የተፈጸመ በመሆኑ።» ተቀመጠ። ጋሽ ማመልከቻ ይህችን ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ ስትነበብ ሰምቷት አያውቅም። እሱ የጻፋት እንደ ልመና ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስትነበብ ግን ፍርድ ሆና ተሰማችው።

ጠበቃዋ ተነሣች። ስድሳ አራቱን ቅጂ ለዳኛው አቀረበች፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ይህችን ዓረፍተ ነገር ማን ነው ያወጣት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማመልከቻ የሚያጽፍዎት ሰው እንድትገባ ይጠይቅዎታል?»

«አይጠይቅም።»

«እርስዎስ ‹አጥፍተሃል ወይ?› ብለው ይጠይቁታል?»

«አልጠይቅም።»

«ጽፈው ሲጨርሱ ያነቡለታል?»

«ወረፋ ስለሚበዛ...»

«ያነቡለታል፣ አያነቡለትም?»

«አላነብለትም።»

«‹አላጠፋሁም› ያለዎት ሰውስ አለ?»

«አለ።»

«አስገቧት ወይስ ተዉዋት?»

«አስገባኋት።»

ዳኛው ከቅጂዎቹ መካከል እንዲያው እንደ መጣላቸው አንሥተው መጨረሻ መጨረሻውን ማንበብ ጀመሩ። ከመደብሩ ዕቃ አጉድሏል የተባለ ሻጭ፤ በእንባ ይማጸናል። ሰው ገጭቷል የተባለ ሹፌር፤ በእንባ ይማጸናል። «የመጋዘን ጥበቃ ሠራተኛ፣ በስርቆት» አሉ ዳኛው፤ በእንባ ይማጸናል። በሩ አካባቢ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ጋሽ ማመልከቻ ዞር ሲል ጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን መወልወሏን ትታ በተከፈተው በር ላይ ቆማለች። መወልወያዋ እግሯ ሥር ወድቋል። አላነሣችውም።

ዐቃቤ ሕጉ ዐይኑ ደም ለበሰ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች እንደ እምነት ይዘን ስንት መዝገብ...» ብሎ ጀመረና ምን እየተናገረ እንደሆነ ሲገባው ቁጭ አለ።

ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የተከሳሹ የጽሕፈት ልማድ እንጂ የጥፋተኝነት እምነት አለመሆኗ ስለ ተረጋገጠ፣ ከአታላዩ ጋር መስማማቱን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም ስላልቀረበ፣ በነጻ ይሰናበት ተባለ። ልጁ እልል ልትል አፏን ከፍታ የፖሊሱን ዐይን አይታ ተወችው። በፊት በር ወጡ። ጃንጥላው ሥር ግን «እጅዎ ይባረክ» የሚል ሰው አልነበረም፤ ወሬው ቀድሞት ወጥቷል። ጠበቃዋን ለማመስገን ዞር ሲል ደረጃው ላይ ቆማ ከሰዎች ጋር ታወራለች፤ ሁሉም በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል፣ ወረቀቶቹም ላይ አንዷ ፊደል ቀዳዳ ነች።

ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሌላ የሚቀመጥበት ቦታ አያውቅም፤ በቃ። ወረፋው ባዶ ነው። የጽሕፈት መኪናዋን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።

ጽዳት ሠራተኛዋ በሩን እየጠረገች መጣች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። በአራት ዓመት ውስጥ እዚያ ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከሥራ ልብሷ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። ለባለጉዳይ የሚሰጠው ቅጂ ነው።

«ያንብቡልኝ» አለች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

አነበበ። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይቀጥሉ እንጂ። ልጄ የተፈረደበት ዕለት ዳኛው የደገሟት እሷን ነው።»

ቀጠለ፤ እስከ በእንባ እማጸናለሁ ድረስ አነበበላት።

«ልጄ እንዲህ ብሎዎት ነበር?»

«አላለኝም።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ዐየችው፤ ማንበብ የምትችል ይመስል ዐይኗን ከመስመር ወደ መስመር አወረደች። «እኔ እኮ ዳኛው ሲያነቡት ሰምቼ ነው ያመንኩት። ‹ቤት ውስጥ አልሰረቅኩም ብለህ ዋሽተኸኝ፣ ለመንግሥት ታምናለህ?› አልኩት። ልጅ የለኝም አልኩት። አራት ዓመት ሙሉ ሄጄ አልጠየቅኩትም፤ አንድ ቀን ልብስ እንኳ አልላክሁለትም።»

ጋሽ ማመልከቻ ብድግ አለ። «ጠበቃዋ ጋ እንሂድ» አላት። «አሁኑኑ እንሂድ። እኔ እመሰክርልሻለሁ፤ የትም ብትሉኝ እመሰክራለሁ።»

«ቅዳሜ ሄጄ ነበር። የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል አለችኝ። ቢሆንም ልሞክር፣ ግን ራሱ ልጁ መፈረም አለበት አለች። ትናንት ወህኒ ቤት ሄድኩ። ‹እናትህ መጥታለች› ሲሉት ‹እናት የለኝም› አላቸው።» ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀችው፦ «እዚህ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያጽፍዎት ግን፣ ምን ነበር ያለዎት?»

ጋሽ ማመልከቻ አፉን ከፈተ። የወረቀቱን ቀን ያውቃል፤ የመዝገቡን ቁጥር ያውቃል፤ ያን ጠዋት ካርቦኑ አልቆ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መበደሩን ሳይቀር ያስታውሳል። ልጁ ሲናገር «እሺ፣ እሺ» ማለቱን ያስታውሳል። ልጁ ያለውን ግን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አንዲት ቃል አላገኘም።

«አላስታውሰውም» አለ።

ወረቀቱን አጣጥፋ፣ በፕላስቲኩ ጠቅልላ፣ ኪሷ ከተተችው። ተነሥታ መጥረጊያዋን አነሣች። ከበርጩማው ሥር ጀመረች፤ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች፤ ወንበሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«እግርህን አንሣ» አለችው።

አነሣ።